በአየር ማረፊያ ዙሪያ ግጭትን ስለ መከላከል፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ወደ ሥራ ሪፖርቱና ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ያለኝን ጥቂት ደቂቃ በአየር ማረፊያ ዙሪያ አውሮፕላኖች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ለመናገር እጠቀምበታለሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ማታ ከዊቺታ፣ ካንሳስ የመጣ የመንገደኞች ጄትና የአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር በዋሽንግተን ሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቻችን የምንኖረው በዚያው አካባቢ ነው፤ በዚያ ማረፊያ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በመንገደኞች አገልግሎት የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ጉዳዩ የሙያችን ብቻ ሳይሆን የሰፈራችንም ነው።

ጄቱ ወደ መንደርደሪያ 1 እየተቃረበ ሳለ፣ ዞሮ በአጭሩ መንደርደሪያ 33 ላይ እንዲያርፍ ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ተጠየቀ፤ አብራሪዎቹም ተስማሙ። ወደ 33 የሚያስገባው የመጨረሻ መስመር ደግሞ የወንዙን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደውን፣ ከ200 ጫማ በላይ መብረር የማይፈቀድበትን የሄሊኮፕተር መስመር ያቋርጣል። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳሰላው፣ ሄሊኮፕተሩ ዳርቻውን ይዞ በ200 ጫማ ላይ ቢበር፣ በትክክለኛው ቁልቁለት ከሚወርደው አውሮፕላን የሚለየው የከፍታ ልዩነት 75 ጫማ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከራሱ ከብላክ ሆኩ ርዝመት እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ምሽት ሄሊኮፕተሩ ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ነበር። አብራሪዎቹ ጄቱን ማየታቸውን ገልጸው በዓይናቸው እየተከታተሉ እንዲርቁት ፈቃድ ጠየቁ፤ ፈቃዱም ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚለያይ የተወሰነ ከፍታም ሆነ ርቀት አልነበረም፤ ኃላፊነቱ በሙሉ የከተማ መብራት በሞላበት ሌሊት በሚያይ ዓይን ላይ ወደቀ።

ለጨለማው ብቻ ምክንያት እንዳንሰጥ ሳንዲዬጎን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1978፣ ሰማዩ በጠራበት ጠዋት፣ ለማረፍ የተቃረበ ቦይንግ 727 ከአንዲት ሴስና 172 ጋር ተጋጭቶ በአየርም በምድርም 144 ሰዎች አልቀዋል። የትልቁ አውሮፕላን አብራሪዎች ትንሿን አይተናታል ብለው ነበር። ኋላ ከዓይናቸው ጠፋች፤ መጥፋቷን ግን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አልነገሩትም። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከ46 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ አይቻለሁ የሚል ቃል በከፍታና በርቀት ልዩነት ፋንታ መቆጠሩ አልቀረም።

ዓይን ለምን እንደሚያታልል አብራሪዎች ብታውቁትም ለእንግዶቻችን ስል ልድገመው። ሁለት አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውንና ፍጥነታቸውን ሳይቀይሩ ወደ አንድ መገናኛ ነጥብ የሚጓዙ ከሆነ፣ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይንቀሳቀስም። መስታወት ላይ እንደ ደረቀች ትንኝ ባለበት ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ድንገት ይገዝፋል። ዓይናችን ደግሞ ቶሎ የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ ስለዚህ አደገኛው አውሮፕላን ከሁሉ ይልቅ ለማየት የሚያስቸግረው ይሆናል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አብራሪው ሌላውን አይቶ፣ አደጋውን ተረድቶና ወስኖ አውሮፕላኑ እስኪታጠፍ 12.5 ሰከንድ እንደሚፈጅ ይገልጻል። እያንዳንዳቸው በ120 ኖት (በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ያህል) ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይቀራረባሉ። አዲስ አበባ የሠለጠናችሁ እንደምታስታውሱት፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት ይጨምራል፤ ለመታጠፍ ያለው ጊዜም ይበልጥ ያጥራል።

ቲካስ የምንለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ በአሜሪካ በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 በሴሪቶስ፣ ካሊፎርኒያ በአየር ላይ ግጭት 82 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ይሁን እንጂ ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ በታች ውጣ ወይም ውረድ የሚል ትእዛዝ አይሰጥም፤ ምድር አጠገብ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና። በፖቶማክ ላይም ትራፊክ መኖሩን በድምፅ ከማስጠንቀቅ አላለፈም።

እኔን ከአደጋው ባላነሰ የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በዚያ ማረፊያ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ አውሮፕላን ከአንድ ኖቲካል ማይል ባነሰ አግድም ርቀትና ከ400 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት 15,214 ጊዜ ተቀራርበዋል፤ 85 ጊዜ ደግሞ አግድም ርቀቱ ከ1,500 ጫማ፣ የከፍታው ልዩነት ከ200 ጫማ ያነሰ ነበር። ቦርዱ ይህን የቆጠረው ከአደጋው በኋላ ቢሆንም፣ መረጃው ቀድሞ የተጠራቀመ ነበር። ይህን የምለው በመካከላችን በተቀመጡት ተቆጣጣሪዎች ሙያ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ በዚያ ምሽት አንድ ሰው የሄሊኮፕተሮችንና የአውሮፕላኖችን ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር። በማርች 2025 ያ የሄሊኮፕተር መስመር በማረፊያው አጠገብ ተዘጋ፤ በዓይን ተያይቶ መራራቅም በአካባቢው ተገደበ። ትክክለኛው መፍትሔ ይህ ይመስለኛል፦ መስመሮቹ በራሳቸው እንዳይገናኙ ማድረግ፣ ዓይንንም የመጨረሻ መጠባበቂያ አድርጎ ማስቀረት።

ማማ በሌላቸው ትንንሽ ማረፊያዎች የሚያስተምሩና የሚማሩ አባሎቻችን ግን ይህ ዕድል የላቸውም። እዚያ የሚያዋጣው ከ10 ማይል ርቀት ጀምሮ ቦታንና ከፍታን በትክክል በሬዲዮ መናገር፣ ለማረፍ በማረፊያው ዙሪያ ሲዞሩ የተለመደውን ከፍታ መጠበቅ፣ አቋራጭ አለመፈለግ ነው። በተለይ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ክንፉ ከታች ከሆነ አውሮፕላን በታች ሲሆን፣ ሁለቱም አብራሪዎች በራሳቸው ክንፍ ተከልለው እንደማይተያዩ ለተማሪ ደጋግሞ ማሳየት ይገባል። በዋና ከተማው በዋሽንግተን ዙሪያ ካለው፣ ልዩ ደንብ ከሚሠራበት የበረራ ክልል ስትወጡም፣ ሬዲዮ የሌለው አውሮፕላን በሕግ ተፈቅዶለት ሊመጣ እንደሚችል አትዘንጉ።

ሥራ አስፈጻሚው ለውሳኔ የሚያቀርብላችሁ ሐሳብም ከዚህ የመነጨ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ምስጢር ጠባቂ የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት አለ፤ ሳያስብ ጥፋት የፈጸመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ካመለከተና ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ቅጣት አይጣልበትም። ሆኖም ብዙዎቻችን ፈቃዳችን ይነካብናል በሚል ስጋት፣ ለጥቂት ስንተርፍ ተመስገን ብለን እናልፋለን። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ሪፖርቱ ግን መቅረብ አለበት። ስለሆነም አባላት ሪፖርት ሲያዘጋጁ በቋንቋም በአሠራርም የሚያግዙ፣ ከአብራሪዎችና ከተቆጣጣሪዎች የተውጣጡ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ዛሬ እንዲመረጥ እንጠይቃለን። የዕጩዎቹ ስም ዝርዝር በእጃችሁ ባለው አጀንዳ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ውይይቱ ከሻይ ዕረፍት በፊት ይካሄዳል።

በዚህም ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ፤ አመሰግናለሁ።