የቲማቲም ድልህ፣ በአዳማ ፀሐይና ነፋስ

ሰላም አድማጮች። ዛሬ የማወራችሁ በግቢዬ በጀሪካን ስለማበቅለው ቲማቲምና ስለ ድልሁ ነው።

ከኪስ ልጀምር። ድልህ በቤቱ የሚሠራ ሰው የቲማቲሙን ዋጋ አስልቶ የከሰሉን ይረሳል። ቲማቲም ከመቶው 94 ወይም 95 እጁ ውኃ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው ወፍራም ድልህ ግን ከሩብ በላይ ደረቅ ይዘት አለው። ስለዚህ 1 ኪሎ ድልህ ለማግኘት 5 ኪሎ ገደማ ቲማቲም ይፈጃል። ያንን ሁሉ ውኃ በከሰል አትንኖ መጨረስ ገንዘብ ማቃጠል ነው። እኔ ግማሹን ሥራ ለአዳማ ፀሐይና ነፋስ እተዋለሁ፤ ደመወዝ አይጠይቁም።

ነፋሱ ግን ወዳጅ ብቻ አይደለም። በከተማችን ዙሪያ ኮረብታ ላይ የተተከሉትን የኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው እርሱ ነው፤ ፍሬ የያዘ የቲማቲም ግንድ የሚሰብረውም እርሱ ነው። ስለዚህ ጀሪካኖቼን ግንብ ጥግ አስጠግቼ፣ ግንዱን በእንጨት ደግፌ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጌ አስራለሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተበስቶ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ከተሞላ አንድ ተክል ይበቃዋል። ውኃው ሳይዛነፍ ጠዋት ጠዋት ይሰጥ። አንድ ቀን ተጠምቶ በማግስቱ ከተጥለቀለቀ ካልሲየም ወደ ፍሬው በደንብ አይደርስም፤ የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ይህን ያየ ሁሉ መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል፤ የሚያስፈልገው ግን የውኃ ሥርዓት ነው።

ዝርያም ይመረጣል። እዚሁ ቅርባችን ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ መልካሳልሳ ስሙም እንደሚናገረው ለድልህ የታሰበ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጀሪካን ድስት አይሞላም። የጓሮው ቲማቲም ለዕለት ስልስ ነው። የድልሁን ከገበያ እገዛለሁ፤ የመቂ ምርት ሲጎርፍ፣ በጭነት የተጨፈለቀው ምሽት ላይ በርካሽ ይሸጣል። የሻገተውን ግን በነጻም አልወስድም።

ቲማቲሙን አጥቤ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፤ ዘሩንና ጭማቂውን አወጣለሁ። ጭማቂው አይደፋም፤ ሽሮ ይበጠበጥበታል። ጨው ነስንሼ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ፣ ለዝንብና ለአቧራ ስስ ነጠላ አልብሼ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ። ይህ የበጋ ሥራ ነው፤ በክረምት ይሻግታል። ሲጠወልግ ጥቂት አብስዬ በወንፊት አጠልለዋለሁ፤ ከዚያ ማማሰያው የድስቱን ሥር እስኪያሳይ ድረስ ማማሰል ነው። የአሉሚኒየም ድስት አልመክርም፤ የቲማቲም አሲድ ብረቱን ይበላዋል።

ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ፌስታል ጠፍጠፍ አድርጌ በፍሪጅ በረዶ ቤት እደረድረዋለሁ፤ የሚፈለገው ያህል ተሰብሮ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርትም በርበሬም አልጨምርበትም፤ እንዲያ ሲሆን ለፓስታም ለምስር ወጥም ይሆናል።