ጫፍ የሌለው ክር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ የምወዳችሁ ተማሪዎች፤ እንኳን ለሳይንስ ቀናችን በሰላም መጣችሁ።

ባለፈው ሳምንት አስራ አንደኛ ክፍል ገብቼ «እባብ ስላችሁ ምን ይታያችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሞት» አሉኝ በአንድ ድምፅ። አልፈርድባቸውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ዛሬ ግን በዚያው መርዝ ላይ አጎንብሶ ስለሠራ ሰው ልንገራችሁ። ሮበርት ሲንሻይመር ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ተወልዶ በ2017 አረፈ።

የእባብ መርዝ አንድ ነገር አይደለም። የብዙ ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው። ከእነሱ አንዱ ዲኤንኤን፣ ማለትም የዘር መረጃ የተጻፈበትን ረጅም ክር፣ ከጫፉ ይዞ አንድ በአንድ የሚለቅም ኢንዛይም (ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ሙስበሃ ተበጥሶ ዶቃው ከክሩ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። የዲኤንኤን አሠራር ለማወቅ ለሚታገል ሰው ይህ ትልቅ መሣሪያ ነበር። ግን መርዙ ውስጥ ሌላም ኢንዛይም አለ። ከተለቀሙት ፍሬዎች ላይ ፎስፌት የሚባለውን ቁራጭ ይነቅልና ሥራውን ያበላሻል። ሲንሻይመር ያኔ አይዋ በሚባለው ግዛት ያስተምር ነበር። ኮርነር ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆነው ጤፍን ከእንክርዳድ እንደሚለይ ሰው መርዙን አጠሩት። ውጤቱን በ1952 አሳተሙ።

መቁረጫው ተገኘ። ምኑ ይቆረጥ?

ባክቴሪያም ይታመማል፤ የራሱ ቫይረስ አለው። ፌጅ እንለዋለን። ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ አለ፤ በአፈር ውስጥም፣ በፍሳሽም፣ በኛው ቦርከና ወንዝም። በዚያን ጊዜ ስመ ጥሩዎቹ ተመራማሪዎች የያዙት ቲ2 እና ቲ4 የሚባሉትን ትልልቅ ፌጆች ነበር። ሲንሻይመር ደግሞ በጣም ትንሿን ፈለገ። ፋይ ኤክስ 174 ትባላለች።

ይህችን ቫይረስ በዓይን ማየት አይቻልም። ሥራዋ ግን ይታያል። ከባክቴሪያ ጋር ለብ ባለ ቀጭን አጋር (ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ቀላቅላችሁ ሳህን ላይ ታፈሳላችሁ። ሙቀት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ስልባቦት ይሸፍነዋል። ከዚያ ስልባቦቱ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ይወጣል፤ ቁርጥ የእንጀራ ዓይን። እያንዳንዱ ዓይን ከአንድ ቫይረስ የተነሳ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ዲኤንኤ የተጻፈባቸው አራት ፊደሎች ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላሉ። መጽሐፋችሁ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ እኩል ነው ይላል። ዲኤንኤ ድርብ ክር ስለሆነ፣ በአንዱ ክር ያለው ኤ ከሌላው ቲ ጋር፣ ጂም ከሲ ጋር ስለሚጣመር ነው። ሲንሻይመር የዚህችን ሲመዝን እኩል አልመጣለትም። ሌላ ሰው «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይጥለው ነበር። እሱ አልጣለውም። በ1959 የዚህች ቫይረስ ዲኤንኤ ነጠላ ክር ነው ብሎ አሳወቀ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ከጫፍ የሚለቅም ኢንዛይም ሲሰጡት ዲኤንኤው አልለቀም አለ። ለምን? ጫፍ የለውማ! ዙሪያውን ገጥሟል፤ እንደታሰረ ሙስበሃ ቀለበት ነው። ይህ በ1962 ታወቀ። ጫፍ ፈላጊ መሣሪያ ጫፍ የሌለው ነገር ሲያሳይ አስቡት።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። በ1967 ተመራማሪዎቹ ኮርንበርግ፣ ጉሊያንና ሲንሻይመር የዚህችን ቫይረስ ዲኤንኤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ገልብጠው ሠሩ፤ ቅጂውም ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ ቫይረስ ወለደ። በ1977 እንግሊዝ አገር ሳንገር የሚባል ሳይንቲስት ቡድን የቀለበቱን ፊደሎች አነበበ። 5,386 ናቸው። ዲኤንኤው ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ፍጥረት ይኸው ነው። በ1985 ደግሞ ሲንሻይመር፣ ያኔ በሳንታ ክሩዝ የዩኒቨርሲቲ መሪ ሆኖ፣ ሳይንቲስቶችን ሰብስቦ የሰውን ሁሉ ፊደል ማንበብ ይቻል እንደሆን አወያየ። የሰው ወደ 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ንባቡ በ2003 ተጠናቀቀ ተባለ።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ኩሬ ዳር ተቀምጦ ውሃ በጠርሙስ ሲቀዳ ብታገኙት «ይሄ ምን ይረባሃል?» አትበሉት። «ምን አገኘህ?» በሉት። ይህን ሰውዬ በእባብ መርዝና በባክቴሪያ በሽታ ምን ልትሠራ ነው ብለው ቢያስቆሙት ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ተማሪዎች፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ወዳጄ ላብራቶሪ ያመጣሁት ሳህን አለ። ታሽጓል፤ እንዳትከፍቱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሱና ዓይኖቹን ቁጠሩ። እኔ 31 አግኝቻለሁ። የናንተን ነገ ክፍል ንገሩኝ።