ዓይን ያነበበውን ጆሮ አይሸከመውም
(ለደራስያንና ለሬዲዮ አዘጋጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ደራስያን፣ አዘጋጆችና የስቱዲዮ ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በአገራችን የብዕርና የሬዲዮ ዝምድና የቆየ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለወንጌልን አወቃቸው። ዛሬም ብዙዎቻችሁ ጠዋት ስትጽፉ ውላችሁ ከሰዓት ማይክ ፊት ትቀመጣላችሁ። ጣጣው የሚመጣው የጠዋቱን ጽሑፍ እንዳለ ይዛችሁ ስቱዲዮ ስትገቡ ነው።

አንባቢ ግራ ሲገባው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አድማጭ ግን ያመለጠው አመለጠው። አማርኛ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ኃላፊው ትናንት በሐዋሳ በተካሄደው፣ የልዩ ልዩ ወረዳዎች ተወካዮች በተገኙበት፣ የመስኖ ሥራው መዘግየት በተገመገመበት ስብሰባ ላይ…» እያላችሁ ስትሄዱ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይነገረው ሁሉን ይዞ የሚጠብቀው አድማጩ ነው። ቁረጡት፦ «የመስኖ ሥራው ዘግይቷል። ኃላፊው ይህን የተናገሩት ትናንት ሐዋሳ ላይ ነው።» ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ካልወጣ፣ ጥፋቱን ከሳንባችሁ አትፈልጉት።

ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ይበላል» ላይ «በ» ከጠበቀ ምግቡ ነው የሚበላው፤ ከላላ በይው ሰው ነው። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ቀድማችሁ ሁለት ነጥብ አኑሩ። ቁጥርም እንዲሁ፦ 12,475,300 ብር ለጆሮ «12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ» ይበቃዋል።

ከውጭ የዜና ወኪል የሚመጣ ሰዓት ብዙ ሰው ያሳስታል። በግሪንዊች 14 ሰዓት ለአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 6 ብቻ ቀንሶ «8 ሰዓት» የሚል አቅራቢ የአገራችንን የ3 ሰዓት ቅድሚያ ዘንግቷል። የዓመተ ምሕረቱ ልዩነትም ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

ወረቀቱ በአንድ ገጹ ብቻ፣ በትልቅ ፊደልና በሰፊ መስመር ይታተም። ስቴፕለር አይነካው፤ ገጽ ሲገለጥ መንኮሻኮሹን ማይኩ ይይዘዋልና አንሸራትታችሁ ወደ ጎን አስቀምጡ። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፤ አፋችሁን በትንሹ ዘወር አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ካያችሁት «ፐ» እና «ጰ» እንደ ምት ይፈነዳሉ።

ትረካ የምትቀዱ ደግሞ፣ አሥር ገጸ ባሕርይ በአሥር ድምፅ ለመለየት አትድከሙ። ሦስተኛው ክፍል ላይ የትኛው ድምፅ የማን እንደነበረ ይጠፋችኋል። ዋና ዋናዎቹን ለዩ፤ ለእያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ናሙና ቅዱና ከየቀረጻው በፊት ስሙት። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታም 30 ሰከንድ ያህል ቅዱ። ስህተት ቆርጣችሁ ስታወጡ ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ነው፤ በባዶ ከተተወ ሬዲዮው የተቋረጠ ይመስላል። የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም መግቢያና መውጫ ሙዚቃ፣ ማስታወቂያም አለውና ትረካውን ለ30 ደቂቃ አትጻፉት። መጨረሻው ላይ ቢቆረጥ የማይጎዳ አንድ አንቀጽ አዘጋጁ፤ ሰዓት ሲጠብ የምትሰዉት እሱን ነው።

በመጨረሻ፣ ብዙዎች ችላ የሚሉት የፈቃድ ጉዳይ አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ሌላ፣ የተራኪውና የጣቢያው ተዛማጅ መብት ሌላ ነው። መጽሐፍ ስለገዛችሁ በአየር ላይ ማንበብ አልተፈቀደላችሁም። ከደራሲው ወይም ከወራሾቹ የምትወስዱት ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍና በኋላ በኢንተርኔት መለቀቅ አለመለቀቁን በግልጽ ያስፍር። የቃል ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ነው።

ውሉን በተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ እንጀምር።