«ጨጓራ ነው» ያልኳት ቀን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ አንድ ወረቀት ላይ ስለፈረምኩት ፊርማ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ካንሰር ነው አለኝ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አደራ ዶክተር፣ እንዳይነግሯት» የሚል ነበር። እሺ አለኝ። ከዚያ የኦፕሬሽኑን የስምምነት ቅጽ አቀበለኝ። «የታካሚ ፊርማ» የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ ከበሩ ማዶ ቁጭ ብላ፣ አእምሮዋ ንጹሕ፣ መቁጠሪያዋን እያንከባለለች ነበር። ገባሁና «ጨጓራ ነው እማ» አልኳት።

ሰሞኑን ተስኪጊ ስለሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ጥናት ሳነብ ያ ቃል ተመልሶ መጣብኝ። እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አላባማ ውስጥ 600 ያህል ጥቁር ወንዶች ላይ ጥናት ጀመረ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። አልተነገራቸውም። «መጥፎ ደም አለባችሁ» ነው የተባሉት። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ለቂጥኝ ፍቱን መሆኑ ሲታወቅ እንኳ ከለከሏቸው። በሽታው እስከ ሞት ምን እንደሚያደርግ ለማየት! ፒተር በክስተን የተባለ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ለዓመታት ተቃውሞ ሰሚ ሲያጣ፣ ጉዳዩን ለጋዜጠኛ ሰጠ። በ1972 ቆመ። አርባ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። አሜሪካ ሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚገዛ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1974 ነው።

እኔ እናቴን እንደነዚያ ሐኪሞች አላየኋትም። የዋሸኋት ስለምወዳት ነው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ግን «መጥፎ ደም» የተባለው ሰውና «ጨጓራ ነው» የተባለችው እናቴ ያጡት ነገር አንድ ነው። በገዛ ሰውነታቸው ጉዳይ የሚወስኑት ሌሎች ሆኑ። ሐኪሙም ቢሆን እሺ ሊለኝ አይገባም ነበር። «እሳቸውን ልጠይቃቸው፣ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

እናቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ትሳለም ነበር። የዚያን ዓመት ስንቋን ማዘጋጀት ጀምራ ተወችው። «ዘንድሮስ ይለፈኝ፣ ጨጓራዬ ሻል ሲለው ለከርሞ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«አዎ እማ፣ ለከርሞ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

ጥር ላይ አረፈች።