በጣሳ ያጠጣናቸው ሰው

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና እህቶቼ፣ ከሩቅ የመጣችሁ የአባታችን ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የእድሩ ጸሐፊ ነህና በሙት ዓመታቸው ታሪካቸውን አንብብ ተብዬ ነው የቆምኩት። ሊቀ መንበራችን «አሥር ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ እንጀራው ይደርቃል» ብሎኛል። እሞክራለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው በአሥር ደቂቃ ጨርሶ እንደማያውቅ ግን እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ።

አባታችን የተወለዱት ጣሊያን በወጣ ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. ነው። ወናፍ መግፋት የጀመሩት ለጥጃ ጥበቃ እንኳ ሳይደርሱ ነው። ርስት አልነበራቸውም። ለሌላው ማረሻ እየሳሉ፣ መኸር ሲገባ በቁና ይሰፈርላቸው ነበር፤ ያውም ሰፋሪው ከፈለገ። በየካቲት 1967 የመሬቱ አዋጅ ወጥቶ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ነው የራሳቸውን ማሳ በራሳቸው ማረሻ ያረሱት። «ለሰው ስሠራው የማይከብደኝ ብረት ያን ቀን ከበደኝ» ይሉ ነበር እየሳቁ።

ቅድም ካህናቱ በጸሎት ስማቸውን ሲጠሩ ከመካከላችን ለስንቱ እንግዳ ሆነበት? እውነቱን እንነጋገር። «ከጠይቡ ቤት በላይ»፣ «ከጠይቡ አጥር ማዶ» እያልን ለመንገደኛ አቅጣጫ አሳየን። ሰፈሩን ሁሉ በሳቸው ጠራን፤ እሳቸውን በስማቸው አልጠራንም።

የትምህርት ቤታችን ደወል፣ ያ ከወይራው ላይ የተንጠለጠለው የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ከደብረ ታቦር በአህያ ጭነው አምጥተው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። የእድራችን ዶማ ለቀብር ከመውጣቱ በፊት ሌሊቱን ስለውት ያድራሉ፤ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ለተፋሰስ ሥራ በጥር ስንወጣም ወናፋቸውን ተራራው ሥር ተክለው የሁላችንን መቆፈሪያ ሲጠግኑ ይውላሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ላወራ የመጣሁት ስለ አንድ ጣሳ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በሚያዝያ፣ የእጅ ፓምፓችን እጀታውን የሚይዘው ብረት ተሰበረ። እናቶቻችን ጀሪካን አዝለው ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተቱ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ጻፍን፣ ሁለት ጊዜ ጻፍን። የመለዋወጫ በጀት የለም ተባልን። ሦስተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ አባታችን ከበሩ ላይ ቆመው «የኔታ፣ ወረቀቱን ተወውና የተሰበረውን አሳየኝ» አሉኝ።

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነበራቸው። ቆረጡት። ወናፉን እንድገፋ ሰጡኝ፤ ሁለቱን የፍየል ሌጦ ማፈራረቅ ቀላል ይመስላል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክንዴ ዝሎ ተንጠለጠለ። ከሰሉ ሲግም ብረቱን በጉጠት አውጥተው ያሳዩኛል፦ «አሁን ጥቁር ነው። አሁን ቲማቲም ሆነ። እንደ በርበሬ ሲቀላ መምታት ነው፤ ከነጣ አልፎበታል፣ ይቃጠላል።» የመጀመሪያው ቀጠነ። ሁለተኛውን ውሃ ሲያጠጡት ጠጠረና ፓምፑ ላይ በገባ በሦስተኛው ምት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። እሳቸው ስባሪውን ከጭቃው ለቀም አድርገው፣ የተሰበረበትን ገጽ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ውሃው ቸኩሎበታል» አሉ። ሦስተኛውን ከወፍጮ ቤት በለመኑት የተቃጠለ ዘይት አቀዘቀዙት። ያ ሦስተኛው ብረት ፓምፑ እስኪያረጅ ድረስ አገለገለ።

ውሃው በመጣ ቀን እናቴ ጠላ ጠመቀች። ለቄሱ በዋንጫ፣ ለሌላው በብርጭቆ ተቀዳ። ከደጅ ምስማር ላይ የተሰቀለች አንዲት የቲማቲም ጣሳ ነበረች፤ የሳቸው ብቻ። እናቴ ሞልታ ሰጠችኝ። ወስጄ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አብሬያቸው ከሰል ለከሰል ስዳክር የሰነበትኩት፣ የተማርኩት፣ መምህሩ! ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠጡ፣ መረቁን፣ ጣሳዋን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መለሷት። ከቀጭን ብረት የተጠማዘዘ እጀታ ሠርተውላታል። የተቆረጠው ከንፈሯ ዙሪያውን ተጠቅልሎ ለስልሷል። «ስታቀብሉኝ ጣታችሁን እንዳትቆርጣችሁ ብዬ ነው» አሉ። እናቴ አገላብጣ አየቻትና «እጅዎን ይባርከው» አለች። ከዚያ መልሳ ምስማሩ ላይ ሰቀለቻት።

እናቴን አልወቅስም። እሷም በልጅነቴ አንገቴ ላይ ክታብ ያሰረችልኝ፣ ወተት ስጠጣ በር የምትዘጋው፣ ጠይብ ቡዳ ነው ሲባል የሰማችውን ይዛ ነው። የምወቅሰው እኛን ነው።

ጋፋት እዚህ አጠገባችን ነው። እንግዳ ሲመጣ ወስደን «ሴባስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው» እንላለን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን መድፍ እስከ መቅደላ እንዳስጎተቱት እየተረክን ደረታችንን እንነፋለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው የሰደበ የሰደበው እኔን ነው፣ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው አዋጅ አስነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው! በአዋጁ ቢሆን ኖሮ ይህ ዳስ ዛሬ ባዶ ነበር። ለመድፉ ዘፈን አለን፤ ማረሻ ለሠራልን ሰው ግን ጣሳ።

እዚህ ላይ እንደምታጨበጭቡ ስጽፈው አውቄአለሁ። እጃችሁን ቆጥቡት። አሁን ከሚያጨበጭበው ሰው ልጁን ለሳቸው ቤት የዳረ ማን ነው? አንድ ሰው ይቁም። እጠብቃለሁ።

ልጃቸው ሙያውን ከአባቱ እጅ ተምሮ ነበር። እዚህ ተቀምጧል፤ ስላፈርኩበት ቀና ብዬ አላየውም። ሽማግሌ ሦስት በር አንኳኩቶለት ሦስቱም ተዘጋ። አሁን ከተማ ብየዳ ቤት ከፍቶ «ኢንጂነር» ይሉታል። ያው እጅ ነው፣ ያው ብረት ነው። እኛ ደግሞ ከገበያ የፌሮ ማረሻ እየገዛን፣ ጥቁር አፈር ላይ እንደ ሰም ሲታጠፍ «ምነው ቀጥቃጭ ጠፋ» እንላለን። አልጠፋም፤ አባረርነው።

ስለ ምንጩ ግንብና ስለ እግረኛ ድልድዩም ጽፌ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ልተወው። ሁለቱም ቆመዋል፤ ሄዶ ማየት ነው።

ባለቤታቸው እማማ፣ ብረቱ የሚቀጠቀጥበትን መስፍና ወናፉን ለእድሩ እሰጣለሁ ብለዋል። እኔ እንደ ጸሐፊ እንዳንቀበል ሐሳብ አቅርቤአለሁ። የልጁ ነው። ተመልሶ ልትከል ካለ ቦታውን እድሩ ይስጥ፤ በሚመጣው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ስለይ ጣሳዋን ከነእጀታዋ አገኘኋት። ይቺው፣ ከኪሴ ናት። አሁን አባቶች ይባርኩልን፣ ጠላውም ይቀዳ። ለሳቸው ልጅ በዋንጫው፣ ከቄሱ ቀጥሎ። ለኔ በዚህች።