የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጓደኛሽ ከማን እየለየችሽ ነው?

ስለ ጓደኛ አመራረጥ በተነጋገርንበት የሬዲዮ ዝግጅት የደወላችሁልኝ ብዙ ነበራችሁ። መስመር ያልገባላችሁ እንዳይቀርባችሁ ጥያቄና መልሱን እዚህ ጽፌዋለሁ። የጠያቂዎችን ስም ትቼዋለሁ። ጎንደር ላይ እንኳን በስም፣ በድምፅም ትተዋወቃላችሁ።

ከማራኪ ግቢ፣ ተማሪ፦ መምህር፣ ጓደኞቼ ከግቢ ጉባኤ ብቻ መሆን አለባቸው?

የለባቸውም። ከዶርምህ ልጆችም ጋር በሰላም ኑር። ይልቅ ክፍል አስቀርቶ ጉባኤ የሚወስድህ ጓደኛ ካለ እሱን ወደ እኔ ላከው።

ከአዘዞ፣ ወጣት፦ አብሮ አደጎቼ ቅዳሜ ማታ መጠጥ ነው፣ ከዚያ ቤቲንግ። እኔ ንስሐ ገብቻለሁ። ልራቃቸው?

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ግን አትኩራባቸው። ትናንት አብረህ የጠጣኸውን ሰው ዛሬ ብትጸየፈው ንስሐህ ምኑ ላይ ነው? ለቅሶው ላይ ተገኝ። ሰርጉን አድምቅለት። ሲታመም ጠይቀው። ቀን ቀን ቡና ጋብዘው። ቅዳሜ ማታን ግን አትስጠው።

የዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር ያልሄደ፣ ያልቆመ፣ ያልተቀመጠ እያለ ነው የሚዘረዝረው። መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ለሰላምታ ትቆማለህ፤ ከዚያ ወንበር ይሳብልሃል። አንዴ ከተቀመጥክ ሂሳብ እስኪመጣ አትነሳም። «አንድ ቢራ ብቻ» የሚሉህን አትመናቸው፤ እኔም ጎረምሳ ነበርኩ።

እምቢ ስትል የሚስቅብህ ይኖራል፤ ይሳቅ። «ወይ እኛን ወይ የንስሐ አባትህን ምረጥ» የሚልህ ከመጣ ግን እሱን ሽሸው። ጓደኛህ ከማን ሊለይህ እንደሚፈልግ ሁልጊዜ እይ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ።

ከአራዳ፣ እናት፦ ልጄ ሙስሊም ጓደኛ አለቻት። ችግር አለው?

የለውም እትዬ። ሥጋው በየቤቱ፣ ቡናው በጋራ። እናቶቻችንም የኖሩት እንዲሁ ነው።

እህት፦ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ኪኒን ስወስድ ዓመታት ሆኖኛል። ጠበል ቦታ የተዋወቅኋት በጣም ጸሎተኛ ጓደኛ አለችኝ። «ኪኒን እየዋጡ መጠመቅ አለማመን ነው፤ ተይው፤ ለቤተሰብሽም አትንገሪ» አለችኝ። ካቆምኩ አራት ቀኔ ነው። ልቀጥል?

የኔ እናት፣ በስልክ ያልኩሽን እደግመዋለሁ። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ነገ እንዳትይኝ። ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። ብቻሽንም አትሂጂ።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ሲቆም ግን ሕመሙ ብሶ ሊመለስ እንደሚችል፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ ነፍስ እስከማጥፋት እንደሚደርስ የትኛውም ሐኪም ይነግራችኋል። እሳት ዳር ለምትውል ሴት ደግሞ አስቡት። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ያንሰራራል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል።

«እምነትስ?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ በእምነት እንነጋገር። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ «የተወደደው» ብሎ ነው የጠራው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ታዲያ ይቺ ጓደኛ ከፓትርያርኩ ትበልጣለች?

ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፣ ኪኒኑ ደግሞ ጠዋት ነው ትሉ ይሆናል። ሰዓቱን ሐኪማችሁን ጠይቁት፤ ራሳችሁ ግን አትቀይሩት። ጾሙም ቢሆን ፍትሐ ነገሥቱ ለታመመ ሰው ያዝናል። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ እንጂ በልባችሁ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ጓደኛዋ ልምጣ። ክፉ ናት አላልኩም፤ በቅንነት ይሆናል። እኔን ያስደነገጠኝ «ለቤተሰብሽ አትንገሪ» ያለችው ነው። የዳዊት ልጅ አምኖን ኢዮናዳብ የሚባል ወዳጅ ነበረው። የአጎቱ ልጅ ነው፤ መጽሐፉም «እጅግ ብልህ» ይለዋል። ምክሩ ምን ነበር? አልጋህ ላይ ተኛ፣ የታመምክ ምሰል፣ አባትህን አታልል። ከዚያ በኋላ የሆነውን 2ኛ ሳሙኤል 13 ላይ ራሳችሁ አንብቡት፤ ልጆች በሚሰሙበት የማወራው አይደለም። እናንተ የምትፈሩት መጠጥ ቤት ያለውን ጓደኛ ብቻ ነው። ነጠላ ያጣፋውንም መርምሩ። ከእናትሽ፣ ከንስሐ አባትሽና ከሐኪምሽ ተደብቀሽ እንድትኖሪ የሚያደርግሽ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ቢሰግድም ምክሩን አትቀበይ።

ስሟን ያልነገረችን ልጅ፦ ለከተራ ከጓደኞቼ ጋር ፋሲለደስ ልናድር ነው። ለእማዬ «አክስቴ ጋ ነኝ» ልበላት?

ጥር 10 ታቦታቱ የሚያድሩት ፋሲለደስ ነው። እናንተስ የት ነው የምታድሩት? ፔንሲዮን እንዳትዪኝ ብቻ። ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ጋቢዋን ደርባ አብራችሁ ትደር። ጓደኞችሽ «እሷ ካለች እኛ የለንም» ካሉ መልሱን ከእነሱ ሰማሽ።

ለሥራ አዲስ የመጣ ወጣት፦ ጎንደር ማንንም አላውቅም። ጓደኛ የት ላግኝ?

አትቸኩል። ባይተዋር ሰው የመጀመሪያ ፈገግታ ያሳየውን ሁሉ ወዳጅ ያደርጋል። ሰንበት ትምህርት ቤት ግባ። ሰንበቴ ላይ ቁጭ በል፤ ሽማግሌዎቹ ወሬ አያልቅባቸውም። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ባስልዮስና ጎርጎርዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን አቴና ሲማሩ ለአገሩ እንግዳ ነበሩ። የሚያውቁት መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑና የትምህርት ቤቱ። ብቸኝነቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሳህ ግን ሆስፒታል ሂድ፤ የአእምሮ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም።

ነጋዴ፦ ጓደኛዬ ለባንክ ብድር ዋስ ሁነኝ አለኝ። እምቢ ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ።

ምሳሌ 22 ላይ ለሰው ዕዳ ዋስ የሚሆን ሰው መክፈል ሲያቅተው ምንጣፉን ከሥሩ እንደሚወስዱበት ተጽፏል። ቤትህ የሚስትህና የልጆችህም ነው። ለሚስትህ ነግረሃታል? ወይስ «ለቤት አትንገር» ብሎሃል? እንዲያ ካለህ ነገሩ አለቀ። ሌላው ደግሞ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ባንኩ ጓደኛህን ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተ ጋ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ በላይ የእኔ ሙያ አይደለም። ሳትፈርም ጠበቃ አማክር። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፤ ጓደኛህን ግን ይዘህ አትሂድ።