ኮባልት ፊርማ አይጠብቅም

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣

ስለ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ጨረር አመንጪ ነገር በግማሽ ስለሚቀንስበት ጊዜ፣ ተናገር ስትሉኝ ሳቅኩ። አብዛኞቻችን አብረን ነው የተማርነው። ቀመሩን በቃላችን እንወጣዋለን። ችግሩም እሱ ነው።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ ማስተማሩን ትቼ የጨረር ሕክምና ክፍል ስገባ ነው። ማሽናችን የሚሠራው ጨረር በሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ በኮባልት 60 ነበር። ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። ኮባልቱ አዲስ ሳለ ለአንድ ታካሚ 2 ደቂቃ ይበቃ ነበር። ከ5 ዓመት ከምናምን በኋላ ጉልበቱ በግማሽ ወረደ። ያንኑ መጠን ለመስጠት 4 ደቂቃ ፈለገ። ኮባልቱ እንዲቀየር የጠየቅንበት ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት 10 ዓመት ተኩል ሞላና 8 ደቂቃ ገባን።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከአልጋው ወርደው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ ያኔ እህቴን ሳመጣት ገብታ ወዲያው ነበር የምትወጣው። እኔ ላይ ምነው ቆየ? የኔ ባሰ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ያረጀው ማሽኑ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። 40 ታካሚ በ2 ደቂቃ፣ 80 ደቂቃ። በ8 ደቂቃ 320። ልዩነቱ 4 ሰዓት! ይህን 4 ሰዓት የከፈለው ማነው? ከክፍለ ሀገር መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድረው ነዋ!

ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። የተማረ ሰው ነው። «በ5 ዓመት ግማሹ ካለቀ በ10 ዓመት ሁሉም ያልቃል። ታዲያ እንዴት እስካሁን ይሠራል? አጋናችሁት» አለኝ። ግማሽና ግማሽ ደመረ!

እስቲ ድፎ ዳቦ ቁረጡ። ግማሹን አንሱ። ከቀረው ደግሞ ግማሹን። ሩቡ ሌማቱ ላይ አለ አይደል? ይህን ሰው ማን አስተማረው? እኛ ነን! ቀመር አስገልብጠን፣ ፈትነን፣ ኤ ሰጥተን የሸኘነው እኛ ነን! ኮባልት የበጀት ዓመት አያውቅም። እኛ ስብሰባ ላይ ሆነንም በየወሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ የድንቅነሽን ዕድሜ በካርቦን 14 አስሉ የሚል ጥያቄ አይቻለሁ። ተዉ እንጂ! ካርቦን 14ም እንደ ኮባልቱ እየተጋመሰ ስለሚቀንስ 50,000 ዓመት አካባቢ ላይ ይደክማል፤ ለመለካት የሚበቃ አይተርፍም። የእሷ 3.2 ሚሊዮን የተገኘው ከእሳተ ገሞራው አመድ፣ በፖታሲየምና በአርጎን ነው።

መስከረም ላይ ክፍል ስትገቡ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ይህችን ጠይቁልኝ፦ ኮባልቱ ሳይቀየር ሦስተኛው ግማሽ ዕድሜ ቢያልፍ፣ እኚያ እናት ስንት ደቂቃ ይተኛሉ?